«ለአለቃችሁ ከነገራችሁ በቂ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከርሟል። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ጉዳቱን ለማን፣ መቼና እንዴት ማሳወቅ እንዳለበት ይመክራል። ስለ ወርከርስ ኮምፕ፣ ማለትም ሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ ስለሚከፈለው ካሳ፣ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንደ ልብ ስለማይገኝ ሰው ቢቀባበለው አይደንቅም፤ ጸሐፊውም ለወገን አስበው እንደ ጻፉት ያስታውቃል። ችግሩ ምክሩን አምኖ የተከተለ ሠራተኛ ካሳውን ሊያጣ መቻሉ ነው።

ጸሐፊው ያሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። ለአለቃ በቃል መናገር በቂ ነው። ጊዜው በሦስቱም ቦታ 30 ቀን ነው፤ በ31ኛው ቀን ሁሉ ነገር ያበቃል። ኩባንያው ሪፖርት ካደረገና ኢንሹራንሱ የሐኪም ቤቱን ሂሳብ መክፈል ከጀመረ ጉዳዩ ተከፍቷል፤ ሠራተኛው ሌላ የሚያደርገው የለም። ቀስ እያለ የሚመጣ ሕመም ከሆነ ሐኪም ስሙን እስኪነግር መጠበቅ ይቻላል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ሪፖርት አድርጎ ከመባረር በራስ የጤና ኢንሹራንስ መታከም ይሻላል። ወረቀት የሌለው ሰው መብት ስለሌለው ዝም ይበል። የኡበርና የሊፍት ሾፌሮችን ሕጉ አያካትትም። ጠበቃ ሲሶውን ስለሚወስድ መያዙ አያዋጣም።

ከእነዚህ ውስጥ እውነት ያለባቸው አሉ፤ ቦታቸው ላይ ስደርስ እቀበላቸዋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን አብዛኞቹን ስህተቶች የወለደው አንድ መደበላለቅ ነው። ሠራተኛው ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች አሉበት። አንዱ ጉዳቱን ለአሠሪው ማሳወቅ ነው። ሁለተኛው የካሳ ማመልከቻ ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስገባት ነው። እያንዳንዱ የራሱ ቀነ ገደብ አለው፤ አንዱን መፈጸም ሌላውን አይተካም። ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስለ መጀመሪያው ብቻ ይናገራል፤ ስለ ሁለተኛው አንድ መስመር የለበትም።

«ለአለቃ በቃል መናገር በቂ ነው»

በሜሪላንድ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የሜሪላንድ ሕግ ማስታወቂያው በቃል ወይም በጽሑፍ ሊሰጥ እንደሚችል በግልጽ ይላል። በቨርጂኒያ ግን የሕጉ አንቀጽ 65.2-600 የሚጠይቀው የጽሑፍ ማስታወቂያ ነው፤ በእጅ የሚሰጥ ወይም በሪኮማንዴ፣ እዚህ ሰርቲፋይድ ሜይል በሚባለው ደብዳቤ የሚላክ። በተግባር አሠሪው ወይም ሱፐርቫይዘሩ አደጋውን በጊዜው በእርግጥ ካወቀ የካሳ ጉዳይ የሚያየው የቨርጂኒያ ኮሚሽንና ፍርድ ቤቶች ወረቀት አልነበረም ብለው ብቻ ጉዳዩን አይጥሉትም። በዲሲም ሕጉ የሚለው በጽሑፍና በሠራተኛው ፊርማ ነው፤ ያውም ለሁለት ወገን ነው፦ ለአሠሪውና ለከተማው የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት የካሳ ቢሮ። ለዚህ የተዘጋጀው ቅጽ ፎርም 7 ይባላል። ጽሑፉ ስለዚህ ሁለተኛ ተቀባይ ምንም አላለም።

ሕጉን እንተወውና ማስረጃውን እንይ። በቃል የተነገረ ነገር የሚጸናው ሰሚው ሰማሁ እስካለ ድረስ ነው። ከአራት ወር በኋላ ያ ሱፐርቫይዘር ሌላ ቦታ ተቀይሯል፣ ወይም ሥራ ለቋል፣ ወይም «ጀርባዬን አመመኝ አለኝ እንጂ ሥራ ላይ ነው አላለኝም» ይላል። የመጨረሻው በብዛት የሚያጋጥም ነው፤ ሱፐርቫይዘሩም ላይዋሽ ይችላል። አብዛኛው ሰው የሚለው «ዛሬ ጀርባዬ ተያዘ» ነው። ይህ ሕመምን ማሳወቅ ነው። ሕጉ የሚፈልገው ሥራ ላይ አደጋ መድረሱን ማሳወቅ ነው። ለሥራ ባልደረባ መናገርማ ከቶም አይቆጠርም፤ አበሻ ቢሆንም፣ ከእናንተ ቀድሞ የተቀጠረ ቢሆንም፣ የማዘዝ ሥልጣን ከሌለው ለአሠሪው እንደ መናገር አይሆንም።

ማስታወቂያው ላይ መኖር ያለበት ብዙ አይደለም፦ ስምና አድራሻ፣ ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ሲሠራ ምን እንደተፈጠረ፣ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደተጎዳ። ለምሳሌ፦ «ማርች 4፣ ከምሽቱ 9፡40፣ በሁለተኛ ፎቅ ክፍል ውስጥ ታካሚ ከአልጋ ወደ ዊልቼር ሳዛውር እግሩ ተንሸራተተ፤ እንዳይወድቅ ስይዘው የታችኛው ጀርባዬና የቀኝ ትከሻዬ ተጎዳ።» ይህንኑ በእንግሊዝኛ በሁለት ቅጂ ጽፎ አንዱን መስጠት፣ ሌላው ላይ ተቀባዩን ቀንና ፊርማ ማስጻፍ ነው። ካልፈረመ በዚያው ቀን ለማናጀሩና ለኤች አር በኢሜይል መላክ። ቴክስት ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን ስልክ ሲቀየር አብሮ ስለሚጠፋ ቀኑና የተቀባዩ ቁጥር እንዲታይ አድርጎ ስክሪንሾት ማንሳትና ለራስ ኢሜይል ማድረግ ያስፈልጋል።

ለእኛ ለይቶ የሚመለከት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚለው ሰው በአሜሪካ አቆጣጠር 9 ሰዓት ማለቱ ነው። ይህ በፎርም ላይ ወይም በአስተርጓሚ በኩል ሳይታረም ሲገባ፣ ሠራተኛው ፈረቃው ሳይጀምር ተጎዳሁ ያለ ይመስላል፤ የኢንሹራንሱ ጠበቃም ይህን አያልፈውም። ሰዓቱን ሁልጊዜ በአሜሪካ አቆጣጠር፣ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን ለይቶ መጻፍ ነው። ቀኑም እንዲሁ፤ ወሩን በቃል መጻፍ የቁጥሮቹን ቦታ ከማምታታት ያድናል።

በኤጀንሲ በኩል የተቀጠረ ሰው፣ በደለስና በሬገን ኤርፖርቶች፣ በመጋዘኖችና በሆቴሎች ብዙ እንዳለው፣ ለሁለቱም ይንገር፦ ቼኩን ለሚከፍለው ኤጀንሲና ለሚሠራበት ቦታ ኃላፊ። ለቦታው ኃላፊ ብቻ ነግሮ ኤጀንሲው «ማንም አልነገረኝም» ያለበት ክርክር ብዙ ነው።

«በሦስቱም ቦታ 30 ቀን ነው፤ በ31ኛው ቀን አበቃ»

ይህ ዓረፍተ ነገር በሁለት በኩል ተሳስቷል፤ በአንዱ ሰውን ያዘናጋል፣ በሌላው ያለ አግባብ ተስፋ ያስቆርጣል። ሠላሳ ቀን የቨርጂኒያና የዲሲ ነው። የሜሪላንድ ግን ከአደጋው ቀን ጀምሮ 10 ቀን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራ ሰው ጽሑፉን አምኖ በ25ኛው ቀን ቢናገር ጊዜው 15 ቀን አልፎበታል።

የትኛው ሕግ እንደሚሠራ የሚወስነው መኖሪያ ቤት አይደለም። አሌክሳንድሪያ እየኖረ ዲሲ ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚያቆም ሰው ዲሲ ውስጥ ከተጎዳ መጀመሪያ የሚያየው የዲሲን ሕግ ነው። ሁለቱም ኤርፖርቶች፣ ስማቸው ከዋሽንግተን ጋር ቢነሣም፣ ያሉት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። በሦስቱም ክልል እየተዘዋወረ የሚሠራ፣ ለምሳሌ የቤት ለቤት ተንከባካቢ ወይም ዕቃ አመላላሽ ከሆነ ከአንድ በላይ ሕግ ሊመለከተው ይችላል። ይህን ለመለየት ጊዜ ስለሚወስድ፣ ለማሳወቁ ግን አጭሩን 10 ቀን መያዝ ምንም አያስከፍልም።

ቀኑ ካለፈስ? ጸሐፊው አበቃ ይላሉ። ሦስቱም ሕጎች ግን በር ትተዋል። በቨርጂኒያ ሠራተኛው ለመዘግየቱ ምክንያታዊ ሰበብ ካቀረበና አሠሪው በመዘግየቱ እንዳልተጎዳ ኮሚሽኑ ከተቀበለ መብቱ ይጠበቃል። በሜሪላንድ በቂ ምክንያት መኖሩ ወይም አሠሪውና ኢንሹራንሱ አለመጎዳታቸው ኮሚሽኑ ይቅር እንዲል ያስችለዋል። በዲሲ አሠሪው ጉዳቱንና ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት ካወቀና ካልተጎዳ የማስታወቂያው አለመሰጠት ካሳውን አያግደውም። «አሠሪው ተጎዳ» ሲባል፦ የካሜራው ምስል በላዩ ተቀድቶበታል፣ ያየ ሰው ጠፍቷል፣ የተሰበረው መሰላል ተጥሏል፣ ወይም ሕክምናው ዘግይቶ ጉዳቱ ተባብሷል ማለት ነው። ምክንያታዊ ሰበብ ከሚባሉት አንዱ ጉዳቱ መጀመሪያ ላይ እዚህ ግባ የማይባል መስሎ መታየቱ ነው። ሕጉን አላውቅም ነበር ማለት ግን በአብዛኛው ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ 40 ቀን ያለፈው ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ መተው የለበትም፤ ዛሬውኑ በጽሑፍ አሳውቆ ያዘገየውን ምክንያት ይዞ ይቅረብ።

የፌዴራል መንግሥትና የፖስታ ቤት ሠራተኞች ከሦስቱም ውጭ ናቸው። የእነርሱ ጉዳይ በፌዴራል ሕግ ይታያል፤ በድንገት ለደረሰ ጉዳት የሚሞላው ቅጽ ሲኤ-1 ነው። በ30 ቀን ውስጥ ከገባ እስከ 45 ቀን ድረስ ደመወዝ ሳይቋረጥ ሊከፈል ይችላል። የካሳው ማመልከቻ አጠቃላይ ገደብ 3 ዓመት ነው።

«ኢንሹራንሱ መክፈል ከጀመረ ጉዳዩ ተከፍቷል»

ከጽሑፉ ውስጥ ከሁሉም የሚያሰጋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉን ነገር በትክክል ያደረገውን ሰው ነው የሚጥለው። በጊዜው ተናግሯል፣ ሐኪም ዘንድ ሄዷል፣ የኢንሹራንሱ ሠራተኛ፣ አጀስተር የሚባለው፣ ደውሎለት የክሌይም ቁጥር ሰጥቶታል፣ ሂሳቡ እየተከፈለ ነው። ይህ ሰው ጉዳዩ አልተመዘገበም ቢሉት አያምንም።

በቨርጂኒያ የሚሆነውን እንከተል። አሠሪው አደጋውን ሲያውቅ ለኮሚሽኑ ሪፖርት ያደርጋል። ኮሚሽኑም ለሠራተኛው ቤት ደብዳቤ ይልካል፤ በላዩ ላይ ጄሲኤን የሚባል ቁጥር አለበት፤ አብሮት የሠራተኛው መመሪያና ባዶ የማመልከቻ ቅጽ ይመጣል። ብዙ ሰው ቁጥሩን ያይና ተመዘገብኩ ብሎ ደብዳቤውን ከሌሎች ፖስታዎች ጋር ያስቀምጠዋል። ያ ቁጥር ግን የመዝገብ መለያ ብቻ ነው። የአሠሪው ሪፖርት የሠራተኛው ማመልከቻ አይደለም፤ የኢንሹራንሱ የክሌይም ቁጥርም የኩባንያው የራሱ የውስጥ ቁጥር ነው። ማመልከቻ የሚባለው ሠራተኛው ራሱ ሞልቶ፣ ፈርሞ ለኮሚሽኑ ያስገባው ቅጽ ነው። የጊዜው ገደብም ከአደጋው ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው።

ኢንሹራንሱ በፈቃዱ የሐኪም ቤቱን ሂሳብ 22 ወር ከፍሎ በ25ኛው ወር ላይ «ለቀዶ ሕክምናው አንከፍልም» ቢል፣ ሰውየው ለኮሚሽኑ ምንም ካላስገባና በኮሚሽኑ የጸደቀ ውሳኔ በእጁ ከሌለ፣ የሚከራከርበት መሠረት የለውም። አሠሪው ሪፖርት ሳያደርግ ቀርቶ ሠራተኛውን ሲጎዳ፣ ወይም ደመወዙን ወይም ካሳውን ከአደጋው ወዲህ ከስድስት ወር በላይ ሲከፍል ቆጠራው የሚቆምባቸው ሁኔታዎች በሕጉ አሉ። ግን እነርሱን ማስረዳት የሠራተኛው ዕዳ ነው፤ የሕክምና ሂሳብ መክፈል ብቻውንም ሰዓቱን አያቆምም። አንድ ገጽ ሞልቶ መላክ እያለ በዚያ ላይ መተማመን አይገባም።

በዚሁ በቨርጂኒያ ጸሐፊው ያላነሡት፣ ጠበቆች ግን ደጋግመው የሚያስጠነቅቁት ነገር አለ። ማመልከቻው ላይ የተጎዳ የሰውነት ክፍል ሁሉ መጠቀስ አለበት። በመውደቅ ጉልበቱም ትከሻውም የተጎዳ ሰው፣ ጉልበቱ ይበልጥ ስላመመው «ጉልበት» ብቻ ጽፎ ቢልክ፣ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ የትከሻውን ሕክምና መጠየቅ አይችልም። ለጊዜው ቀላል የመሰለውም ይጻፍ፦ አንገት፣ የእጅ አንጓ፣ ጭንቅላት።

በሜሪላንድ ማመልከቻው ሲ-1 የሚባለው ቅጽ ነው። ሕጉ በ60 ቀን ውስጥ ይግባ ይላል፤ ኮሚሽኑ መዘግየቱን ይቅር ሊል ይችላል፤ ሁለት ዓመት ካለፈ ግን ፈጽሞ ይዘጋል። በዲሲ ማመልከቻው ፎርም 7ኤ ነው፤ ፎርም 7 የማሳወቂያው እንደሆነ ከላይ ብያለሁ። ሁለቱ በአንድ ላይ ስለሚገኙ አንዱን ሞልቶ ሌላውን መተው የተለመደ ነው። የዲሲ ገደብ 1 ዓመት ብቻ ነው፤ ያለ ውሳኔ በፈቃድ ሲከፈል የቆየ ካሳ ካለ ከመጨረሻው ክፍያ ጀምሮ አንድ ዓመት ይቆጠራል። ቨርጂኒያ የሚሠራ ዘመዱ «ሁለት ዓመት አለህ» ያለው የዲሲ ሠራተኛ አንደኛው ዓመት ሲያልፍ ጊዜ ያለው ይመስለዋል።

ዲሲን በተመለከተ አንድ የሚረዳ ነገር፦ ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ አማርኛም ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ያልገባዎትን ቅጽ ከመፈረም በፊት አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው።

«ሐኪም ስሙን እስኪነግር መጠበቅ ይቻላል»

ይህ ለሥራ ሕመም እንጂ ለአደጋ አይሠራም፤ ጸሐፊው ሁለቱን አልለዩም። በኬሚካል የመጣ የሳንባ ወይም የቆዳ ሕመም ከሆነ፣ በቨርጂኒያ የማሳወቂያው ጊዜ ምርመራው ለሠራተኛው ከተነገረው ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። በሜሪላንድ ከሥራው የመጣ መሆኑን ካወቀ በኋላ 1 ዓመት ነው። በዲሲ ለሁሉም ዓይነት ጉዳት 30ው ቀን የሚቆጠረው ሠራተኛው ጉዳቱ ከሥራው ጋር መገናኘቱን ካወቀበት ወይም ጥንቃቄ ቢያደርግ ሊያውቅ ይገባው ከነበረበት ጊዜ ነው። «ሊያውቅ ይገባው ከነበረበት» የሚለውን ልብ ይሏል፤ የሐኪም ቃል እስኪመጣ ዝም ማለትን አይፈቅድም።

ሣጥን ሲያነሣ ጀርባው ቋ ያለ ሰው ግን የደረሰበት አደጋ ነው። የዲስክ መንሸራተት መሆኑ በኤምአርአይ የታወቀው ከሦስት ወር በኋላ ቢሆንም፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ቀኑ የሚቆጠረው ሣጥኑን ካነሣበት ዕለት ነው። የጽሑፉን ምክር ተከትሎ ኤምአርአዩን የጠበቀ ሰው የማሳወቂያ ጊዜውን በልቶታል።

በቨርጂኒያ ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 በሰጠው ውሳኔ፣ በተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ የሚደርስ ጉዳት በካሳ ሕጉ ውስጥ እንደ ድንገተኛ አደጋ አይቆጠርም። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ካርፓል ተነል የሚባለውን የእጅ አንጓ ነርቭ ሕመምና የመስማት ችግርን ለይቶ ጠንከር ባለ ማስረጃ እንዲጠየቅባቸው ፈቅዷል፤ ለዓመታት በመሸከም የደከመ ጀርባ ግን እንደዚያ ብቻ ሲቀርብ ውድቅ ይሆናል። የሚፈለገው በታወቀ ጊዜ የደረሰ አንድ የተለየ ክስተትና በዚያው ቅጽበት በሰውነት ላይ የመጣ ድንገተኛ ለውጥ ነው።

ለነርሲንግ ሆም ሠራተኞቻችን ይህ እጅግ አስፈላጊ ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት ብዙዋ እህት የምትመልሰው «ሥራው ከባድ ነው፤ ስናነሣ ስናስተኛ እየዋልን ጀርባዬ ሄደ» ብላ ነው። እውነቷን ነው። ሆኖም ማክሰኞ ማታ ታካሚ ስታገላብጥ አንድ ነገር ብጥስ ሲል ተሰምቷት ከነበረና ያን ካልተናገረች ግማሹን እውነት ብቻ ነው የነገረችው። ኢመርጀንሲ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው መስመር፣ «ቀስ በቀስ የመጣ የጀርባ ሕመም» የሚለው፣ ከዓመት በኋላ ችሎት ላይ ይነበብባታል። ያልሆነ ነገር ፈጥሮ መናገር ወንጀል ነው፤ ጉዳዩንም ያጠፋዋል። የሆነውን ግን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ እንቅስቃሴውን ጨምሮ ለአሠሪውም ለሐኪሙም በአንድ ዓይነት መናገር ያስፈልጋል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ ስላለበት፣ ልጅዎን ወይም ጓደኛዎን ከማስተርጎም ይልቅ የሆስፒታሉን ይጠይቁ።

«ቀላል ከሆነ በራስ ኢንሹራንስ መታከም ይሻላል»

አብዛኛው የጤና ኢንሹራንስ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም። እንዲከፍል ለማድረግ ሐኪም ቤት «ቤቴ ነው የወደቅኩት» ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ በሕክምና መዝገብ ከገባ በኋላ ጉዳቱ ቢከፋ ሥራ ላይ ነበር ብሎ መመለስ እጅግ ይከብዳል። ኢንሹራንሱ የሥራ ጉዳት መሆኑን ደርሶበት የከፈለውን ሲጠይቅም ዕዳው በሠራተኛው ላይ ይመጣል።

ሁለት ቀን ብቻ ከሥራ ስለቀሩ ማሳወቅ አያስፈልግም የሚለው አሳብ የመጣው ከመጠበቂያ ቀናት ይመስለኛል። በቨርጂኒያ ለመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት፣ በሜሪላንድና በዲሲ ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የደመወዝ ካሳ አይከፈልም፤ የእነዚህ ቀናት ካሳ የሚከፈለው ከሥራ መቅረቱ በቨርጂኒያ ከ3 ሳምንት፣ በሁለቱ ከ14 ቀን ካለፈ ነው። ይህ የደመወዝ ጉዳይ ነው። ሕክምናው ከመጀመሪያው ቀን ይሸፈናል፤ የማሳወቅ ግዴታውም ሥራ ላልቀረ ሰው እንኳ ይጸናል። ሐኪም በመምረጥ ላይም ልዩነት አለ፦ በሜሪላንድና በዲሲ ሠራተኛው ራሱ ይመርጣል፤ በቨርጂኒያ አሠሪው የሦስት ሐኪሞች ዝርዝር ካቀረበለት ከዚያ ውስጥ መምረጥ አለበት፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሄደበትን ራሱ ሊከፍል ይችላል።

መባረርን በተመለከተ የጸሐፊው ፍርሃት ከመሬት የተነሣ አይደለም። በሦስቱም ካሳ ስለጠየቀ ሠራተኛን ማባረር የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሕጎች የሚሉት «በዚህ ምክንያት ብቻ» ስለሆነ ሌላ ሰበብ የሚፈጥር አሠሪ ላይ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ይህን እቀበላለሁ። ግን ዝም ያለ ሰው ጉዳቱ ሲብስና መሥራት ሲያቅተው ሥራውንም ማጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ካሳም የለውም። በጊዜው የተሰጠ የጽሑፍ ማስታወቂያ ከመባረሩ በፊት ቀን ይዞ መገኘቱ ለእርሱው ማስረጃ ነው።

«ወረቀት የሌለው ዝም ይበል»

እዚህ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። የቨርጂኒያ የካሳ ሕግ ሠራተኛ የሚለውን ሲተረጉም በሕጋዊም ሆነ ሕጋዊ ባልሆነ መንገድ የተቀጠረ የውጭ ዜጋን ይጨምራል። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2005፣ የዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2010 የሥራ ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ካሳ የማግኘት መብት እንዳለው ወስነዋል። ልዩነት የለም አልልም፤ በቨርጂኒያ የመሥራት ፈቃድ የሌለው ሰው ሕክምናና ሙሉ በሙሉ መሥራት ላቃተው ጊዜ ካሳ ያገኛል፤ ቀላል ሥራ መሥራት ከቻለ በኋላ ግን ለከፊል ጉዳት የሚከፈለው የደመወዝ ልዩነት አይሰጠውም። ቅጾች ላይ የሌላ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መጻፍ አይገባም፤ ቦታውን ባዶ ትቶ ጠበቃ ማማከር ነው። ፍርሃቱ ያለበትን ሰው ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ መብት የለህም ብሎ መንገር ግን ትክክል አይደለም።

በመተግበሪያ ስለሚሠሩ ሾፌሮች ጸሐፊው ለእነዚህ ሦስት ቦታዎች ያሉት ትክክል ነው፤ የኡበርና የሊፍት ሾፌሮች የሚታዩት እንደ ግል ተቋራጭ ነው። ጽሑፉ ሲያትል ላሉትም ስለ ደረሰ ግን አንድ ነገር ይታከልበት፦ በዋሽንግተን ስቴት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ እነዚህ ሾፌሮች ለተሳፋሪ ሲሠሩ በስቴቱ የካሳ ሥርዓት ውስጥ ገብተዋል፤ የማመልከቻው ገደብም 1 ዓመት ነው። ወደ እኛው አካባቢ ስንመለስ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሦስት ሠራተኛ በታች ያለው ትንሽ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ኢንሹራንስ የመግዛት ግዴታ ላይኖርበት ይችላል፤ በሜሪላንድና በዲሲ ግን አንድ ሠራተኛም ቢሆን ግዴታ ነው።

ጠበቃ ሲሶ ይወስዳል የሚለው የመኪና አደጋ ልማድ ነው። በወርከርስ ኮምፕ በሦስቱም ቦታ የጠበቃው ክፍያ በሚመለከተው የካሳ መሥሪያ ቤት ካልጸደቀ አይወሰድም፤ በዲሲ ሕጉ ራሱ ጣሪያውን ከተገኘው ካሳ 20 በመቶ ላይ አቁሞታል። ብዙዎቹ ለመጀመሪያው ምክክር አያስከፍሉም። ሲሄዱ ይዘው የሚቀርቡት የማስታወቂያውን ቅጂ፣ ከኮሚሽኑ የመጣውን ደብዳቤ፣ ከአደጋው በፊት ያለውን የአንድ ዓመት የደመወዝ ቼክና ሐኪሙ የሰጠውን ከሥራ የማረፊያ ወረቀት ነው፤ ቼኩ የሚያስፈልገው ሳምንታዊው ካሳ ከአማካይ ደመወዝ ሁለት ሦስተኛ ተብሎ ስለሚሰላ፣ ትርፍ ሰዓቱም እዚያ ውስጥ ስለሚገባ ነው።